ሰማያዊ ሲበራ

እኔ ሰማያዊ መብራት አላምንም። የሚስቅ ይሳቅ። ሰው ያስጠገነውን ራዲዮ ሊወስድ መጥቶ «ሞልቷል እኮ፣ ይኸው ሰማያዊ በርቷል» ሲለኝ፣ ከእጁ ነጥቄ፣ ገመዱን ነቅዬ፣ ከፍቼ፣ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቼ ነው የምመልስለት። «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» ይላሉ። ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ጎንደር ፒያሳ ያለችው ጠባብ ሱቃችን ግማሿ የሱ ጨርቅ፣ ግማሿ የኔ የጥገና ጠረጴዛ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ተምሬ፣ ሥራ ይወጣል ብዬ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስገተር ከርሜ፣ በመጨረሻ «ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ የብየዳ ካውያሽን ሰክተሽ ብትሠሪ ማን ይከለክልሻል?» ያለኝ እሱ ነው። ሰው ሴት ልጅ ራዲዮ ስትፈታ ለማየት ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የመጣውን ሰው ጨርቅ ሳያስይዝ አይሸኝም። ጎረቤቶቻችን «ከዚህ ሱቅ ዕቃ ሁሉ ረጅሙ የባለቤቱ ምላስ ነው» ይሉ ነበር። ይስቃል እንጂ አይከፋውም። «ይቺን ለብሰሽ በቁስቋም ብታልፊ ሰፈሩ ዞሮ ያይሻል» ይላታል አንዷን፤ ለሌላዋ ሌላ አለው። በአፉ የሚኖር ሰው ነበር።

በሽታው የመጣው በዚያው በአፉ በኩል ነው። ጉሮሮውን አመመው፣ አዲስ አበባ ወሰድነው፣ ማንቁርቱን አወጡት። ከአንገቱ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ይተነፍሳል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሱቅ ይውላል፤ ድምፅ ግን የለውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይወጣም። ለገዢ ዋጋ በጣቱ ሲያሳይ ሳየው፣ ወላሂ፣ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቼ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ውጭ አገር ያለ ዘመድ አንድ መሣሪያ በሰው እጅ ላከልን። የእጅ ባትሪ የምታክል ነች። ጫፏን አንገቱ ላይ ለጥፎ ቁልፏን ሲጫን ትነዝራለች፤ ንዝረቷ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ምላሱና ከንፈሩ ቃል ያደርጉታል። ድምፁ የሰው አይመስልም፤ ንብ ቀፎ ውስጥ ሆና የምታወራ ነው የሚመስለው። «ንቧ» አልናት። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ከበነው ምን ይል ይሆን ብለን ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ ወደ እማዬ ዞሮ «ሻዩ ስኳር የለውም» አለ። እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። ስኳሩን ግን አልጨመረችለትም።

ከዚያ በሽታው ተመለሰ። ሐኪሙ ሲነግረን ቀና ብሎ አላየንም። እኔ ያን ጊዜ ታጭቻለሁ። እጮኛዬ የኮላ ድባ ልጅ ነው፣ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ሰርጋችን ለሚቀጥለው ዓመት ነበር የታሰበው። አባቴ ንቧን አንገቱ ላይ ለጥፎ «የዚህ ወር መጨረሻ» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

በኛ ኒካህ አባት ከሙሽራው ፊት ለፊት ይቀመጥና ምስክሮች እየሰሙ «ልጄን በኒካህ ሰጥቼሃለሁ» ይላል። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» ይላል። ጋብቻው ይኸው ነው፤ ድግሱ ሌላ ነገር ነው። አባት መናገር ካልቻለ ሰው ይወክላል፣ ነውር የለውም። ሸሁ ቤታችን ድረስ መጥተው ይህንኑ ነገሩት። «በምልክትም ይበቃል፣ ዲናችን ገር ነው» አሉት። አባቴ ወረቀት አስመጣና ጻፈላቸው፦ «ጨርቅ በምልክት ሸጫለሁ። ልጅ በምልክት አልሰጥም።» ሸሁ ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቷት።

እንግዲህ ለአባቴ ከዚህ ዓለም የቀረው ነገር ያቺ አንዲት አረፍተ ነገር ሆነች። ስለ ሕመሙ አይጠይቅም፣ ስለ መድኃኒቱ አይጠይቅም። የሚለው «ያንን በአፌ ብዬ ልሙት» ብቻ ነው። እማዬ «ሞትን ምን አመጣው?» ብላ ትቆጣዋለች።

ኒካሁ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ንቧ ሞተች። የገደልናት እኛው ነን። ጎንደር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ መብራት መቼ እንደሚመጣ መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሁሉም ነገር እንደተሰካ ነው የሚውለው። ስልኩም፣ ራዲዮውም፣ የጢም መላጫውም። በመጣ ሰዓት ይያዝ ነው። አባቴ ዘንድማ ሕግ ነበር፦ «መብራት እያለ አይነቀልም።» ንቧንም ካልተናገረባት በቀር ከግድግዳ አይለያትም። አንድ ቀን መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ኃይሉን ጨምሮ መጣ፤ የጎረቤታችን ቴሌቪዥንም የተቃጠለው ያን ቀን ነው። ንቧን ስከፍታት ባትሪዋ አብጦ፣ መሙያዋ ጠቁሮ አገኘሁት።

ባትሪዋ በልኳ የተሠራ ነው፤ ጎንደር ቀርቶ አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል፣ ኢንተርኔት የለም፣ የላከልን ዘመድ ስልኩ አይነሳም። አባቴ አየኝ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ታስተካክያለሽ አይደል?» ነው ያለኝ። «ታዲያስ!» አልኩት። ምን ተማምኜ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

የነበረኝ ሦስት ቻርጀር ቦርድ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ሰሌዳ ነች። በአንድ ጫፏ የስልክ ገመድ ይሰካባታል፤ በሌላው ጫፏ ባትሪው ይበየድባታል፤ ከጎኑ ደግሞ ወደ ዕቃው የሚሄደው ሽቦ። ስትሞላ ቀይ ታበራለች፣ ሞልታ ስትጨርስ ሰማያዊ። እንጀራዬ እሷ ነበረች ብል አላጋነንኩም፤ ባትሪው የሞተ ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የልጅ መጫወቻ ሁሉ በሷ ነው ነፍስ የምዘራበት። ዓይኔን ጨፍኜ እበይዳታለሁ እያልኩ እፎክር ነበር። አፌን ቁርጥ ያርገው!

መጀመሪያ ንቧ ሆድ ውስጥ የምትገባ ትንሽዬ ባትሪ ከአሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ፈታሁ። ቦርዷ ግን የምትገፋው ኃይል ለትልቅ ባትሪ ነው፤ ለትንሽ ከሆነ ላይዋ ያለችውን ሰሊጥ የምታክል ሬዚስተር መቀየር ያስፈልጋል። አውቃለሁ። መቀየሪያዋ አልነበረኝም፣ ቀኑም ይሮጣል፣ «ለጥቂት ቀን ምን ትሆናለች?» አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በሁለተኛው ቀን ባትሪዋ እንደ ሊጥ ተነፋች፣ ቤቱን የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ ሞላው። በጉጠት ይዤ ወደ ግቢ ወረወርኳት። እማዬ «አባትሽ እስኪሞት እንኳ ሳትጠብቂ በእሳት ልትፈጂን ነው?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰማችውና አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ስምንት ቀን ቀረ። አንድ ደንበኛ ትቶልኝ የሄደ የላፕቶፕ ባትሪ ሰብሬ ከፈትኩ። ውስጡ ካሉት ስድስት የባትሪ ድንጋዮች አምስቱ ሞተዋል፣ አንዱ በሕይወት አለ። ከአውራ ጣት የወፈረ ነው፣ ንቧ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እሱንና ቦርዷን ውጭ አደረግኋቸው። እማዬ ከሱቁ ቁራጭ ከፋይ ትንሽ ከረጢት ሰፋች፣ አባቴ አንገቱ ላይ አንጠለጠላት፤ ከከረጢቷ ሁለት ሽቦ ወጥቶ ንቧ ውስጥ ይገባል። ቁልፉን ተጫነው። ዝዝዝ! ሦስታችንም ተቃቀፍን። እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ከዚያ ልምምድ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ከጨርቁ ጀርባ ገብቶ ይቀመጥና «ልጄን በኒካህ ሰጥቼሃለሁ» ይላል። «ጥ»ዋ አልወጣ አለችው። ማንቁርት የሌለው ሰው «ጥ»ን ለማውጣት እንዲህ እንደሚታገል አላውቅም ነበር። ይጀምራል፣ እዚያች ላይ ሲደርስ ትበላሽበታለች፣ ራሱን ነቅንቆ ከመጀመሪያው ይነሳል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ያልሰማሁ እመስላለሁ። በአምስተኛው ቀን ምላሱን ላንቃው ላይ አጣብቆ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ «ጥ!» አደረጋት። ጨርቁን ገልጦ ብቅ አለ። ፊቱን ብታዩት! «ሰማሽ?» አለኝ በንቧ። «ፒያሳ በሙሉ ሰማ» አልኩት።

ኒካሁ ሁለት ቀን ሲቀረው ከረጢቷን ስከፍት የባትሪው ቀይ ሽቦ ብየዳው ላይ ሲወዛወዝ አየሁ። ባትሪው ከባድ ነው፣ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል ሽቦውን ይጎትተዋል። የብየዳ እርሳስ ጨመርኩበት። ሙጫ ማፍሰስ ነበረብኝ፤ ሙጫ ቢፈስበት ንቅንቅ አይልም። ሙጫው ሱቅ ነው፣ እኔ ቤት ነኝ፣ ሙሽራ ነኝ፣ ሺህ ነገር አለብኝ። «ነገ» አልኩ። በማግስቱ ሴቶቹ መጥተው እጄን ሂና ቀቡኝ።

የኒካሁ ጠዋት አዲስ አለም ሰፈር ያለው ቤታችን ሰው በሰው ሆነ። መብራት አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ንቧ ከረጢቷን ይዛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰክታለች፣ አባቴ ከሚቀመጥበት መከዳ ጀርባ። ሄጄ አየኋት። ሰማያዊዋ በርታለች። ከጎኗ ግን ቀይዋ ትር ትር ትላለች፤ በጣም ደብዛዛ፣ ካላጎነበሱ የማትታይ። እዚህ ላይ ስሙኝ። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። ቦርዷ ባትሪ ሳይበየድባት ከተሰካች እንዲህ ነው የምታደርገው፤ የምትሞላው ነገር ስታጣ ሰማያዊ ታበራለች። ለስንት ደንበኛ አስረድቻለሁ! ያን ጠዋት ግን «መብራቱ እየዋዠቀ ነው» አልኩ። ለምን? ሰማያዊ እንዲሆንልኝ ስለፈለግሁ ነዋ!

«አባ፣ እስቲ ነቅለህ ሞክራት» አልኩት። ጣቱን አወዛወዘብኝ። መብራት እያለ አይነቀልም። እዚያው ጎንበስ ብሎ ከነገመዷ አንገቱ ላይ ለጠፋትና «ልጄን» አለ። ቀሪውን አልተናገረም፣ ለሰዓቱ አስቀመጠው። ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ይሆናላ! ከግድግዳው እየጠጣች እኮ ነው፤ ባትሪ ይኑራት አይኑራት በምን ይታወቃል? እኔም ባለሙያዋ፣ በዲግሪ የተመረቅሁት፣ ራሴን ነቀነቅሁ። እማዬ ከኋላዬ «ሰማያዊ በራ?» አለች። «በርቷል» አልኳት። እልል አለች።

ከዙሁር ሶላት በኋላ የኮላ ድባ ሰዎች ደረሱ። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ። መሀላችን አንድ መጋረጃ ነው፣ ከራሳችን ሱቅ የተቆረጠ። አባቴ ሰው ፊት ሽቦ ይዞ ላለመታየት ንቧን ነቅሎ፣ ከረጢቷን ከጀለቢያው ሥር አስገብቶ ተቀመጠ። ሸሁ የኹጥባ ምክራቸውን ጨርሰው «እንግዲህ አባት ይናገር» አሉ።

ቀጭ። የንቧ ቁልፍ ነች፤ ከየትም ድምፅ መሀል እለያታለሁ። ቀጭ። ዝዝ የሚል ነገር የለም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የሙሽራው አባት «ምነው አያ፣ ምነው?» አሉ በለሆሳስ። መጋረጃውን በክርኔ ገለጥ አድርጌ አየሁ። አባቴ ንቧን አንገቱ ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ሙሽራው ላይ አድርጎ፣ ይናገራል። ሙሉውን ይናገራል። ከንፈሩ «ልጄን» አለ፣ «በኒካህ» አለ፣ ጉንጩን ነፋ። ከዚያ ሁሉ ቃል የተሰማችው ያቺ የለፋባት «ጥ» ብቻ ነች። አንዲት «ጥ»፣ ክብሪት እንደመሰበር። ከዚያ ምንም።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ጉልበቱን ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ ወክለኝ» አለው። አባቴ ንቧን አየት፣ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ እጁን አጎቴ መዳፍ ላይ ጣለው። አጎቴ ያቺን አረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ፣ ጥርት አድርጎ አላት። ምንም አልከበደችውም። ባሌ «ተቀብያለሁ» አለ። ዱዓ ተደረገ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ሂና የነካው እጄን አየር ላይ ይዤ ቆምኩ። መጋረጃ እኮ ጨርቅ ነው! ገፍቼ ብወጣ ማን ይበላኛል? አልወጣሁም። ተቃጠለች፣ አለቀላት ብዬ ደነዘዝኩ። አባቴ ወደ መጋረጃው አንዴም አልዞረም።

በሦስተኛው ቀን ለመልስ ስንመጣ ንቧን ይዤ የቀድሞ ክፍሌ ገባሁ። ከረጢቷን ስገለብጣት ቀዩ የባትሪ ሽቦ ብየዳው ላይ ተበጥሶ ወጣ። ባትሪው ደህና ነው፣ ቦርዷ ደህና ነች፣ ንቧም ደህና ነች። ገመዱን ሰካሁት። ሰማያዊ በራች፣ ቀይዋ ትር ትር አለች። ቁልፉን ተጫንኩት፤ ዝዝዝ። ያኔ ነው የገባኝ። ኒካሁ ላይ ሶኬቱ ከአባቴ ጀርባ ነበር። ገመዱም እንደነቀለው እዚያው ከክርኑ ሥር ተጋድሞ ነበር፣ መብራትም ነበር። ከጓዳ ሆኜ «መልሳችሁ ሰኳት!» ብል አባቴ ይናገር ነበር። ሁለት ቃል ነው። እሱ ለአንድ «ጥ» አምስት ቀን ሲታገል፣ እኔ ሙሉ ጉሮሮ ይዤ ሁለት ቃል አልወጣኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሱቅ ወስጄ በየድኩት፣ ሙጫ አፈሰስኩበት፣ ነቅዬ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ መልሼ ሰጠሁት። አንገቱ ላይ ለጥፎ «እጄ ተንቀጥቅጦብኝ ነው» አለ። «በደንብ ሳልጫናት ቀርቼ ነው። ዓይናቸው ሁሉ እኔ ላይ ነበርና ደነገጥኩ።» አይ አባ፣ እኔ ነኝ፣ ሽቦው ነው፣ ሙጫ ሳልጨምር ቀርቼ ነው ማለት ምን ይከብዳል? «ምንም አይደል፣ አባ» አልኩት። ምንም አይደል! ሌላ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ። ሌላ ቀን ስል፣ ሌላ ቀን ስል፣ ሳልነግረው ሄደ።

ከመልሱ በኋላ፣ ገና ሱቅ መዋል ሳያቆም፣ አንድ ቀን ከሰዓት ካውያዬን ልወስድ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል የንቧን ድምፅ ሰማሁ። ገዢ መስሎኝ ቆምኩ። ገዢ አልነበረም፤ ከጨርቁ ጀርባ ብቻውን ነው።

«ልጄን» አለ፣ «በኒካህ ሰጥቼሃለሁ።»

አንዲት ፊደል አልጎደለችም፤ «ጥ»ዋ እንደ ሚስማር ቁልጭ ብላ ወጣች። ከዚያ አንድ ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ያህል ጠበቀ። በሩን ይዤ ቆምኩ፤ የሚቀበለው ሰው መድኃኒት ቤት ሥራ ላይ ነው። ገመዱን ከወለሉ ሲያነሳ ሰማሁት፣ መብራት ስለነበር መልሶ ሰካት።